ለአባባ ያልተረፈ ሐሙስ

ዛሬ እሑድ እናቴ ሳጥኑን ከፍታ የድሮ የቴኳንዶ ልብሴን ስታወጣ የናፍታሊኑ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ልብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ቀበቶውም ታጥፎ ከመኖሩ ብዛት እንደ ደረቀ ቆዳ ቀጥ ብሏል። ለታናሽ ወንድሜ ለናቲ እየለካችለት «ትንሽ ቢሰፋውም ያድግበታል» ትላለች፤ እኔን ደግሞ ሽታው ስቦ ወደ ሦስተኛ ክፍል ዘመኔ መለሰኝ።

ያኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሮጠው ወደ አባባ ነበር። አባባ የአባቴ አባት ናቸው፤ ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ከአንኮበሯ ጎረቤላ አምጥተናቸው ደብረ ብርሃን ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ከበሩ አጠገብ፣ አጥሩ ነፋሱን በሚከልልበት ጥግ፣ መሬቱን ፈልፍለው ገበጣ ሠርተው ነበርና ደብተሬን ጥዬ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ስል በግና ጤና አዳም የሚሸተውን የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል ያደርጉልኛል፤ እጃቸው ጠጠር ሲበትን ከዓይኔ ይፈጥናል፣ ስሸነፍ «አንቺ፣ የአንኮበር ዘር ነኝ ብለሽ እንዳታወሪ፣ ታሰድቢናለሽ» ይሉኛል፣ ሳሸንፍ ግን ወዲያው ዓይናቸውን ያማቸዋል፤ «ዛሬ በደንብ አይታየኝም፣ ይሄ አይቆጠርም።»

ከዚያ እናቴ ከማኅበር ወሬ ይዛ መጣች፤ የጎረቤታችን ልጅ እንግሊዝኛ ጀምራለች። ከማን እናንሳለን ተባለና እኔም ጀመርኩ። እሷ ሥዕል ስትጨምር እኔ ቴኳንዶ፣ እሷ ኮምፒውተር ስትጨምር እኔ ኮምፒውተሩም የሒሳብ ማጠናከሪያውም፤ ሁለት እናቶች በእኛ እግር ይሽቀዳደሙ ነበር ማለት ይቻላል። ቀኖቹ ስማቸው ጠፋብኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ለእኔ እስከ ዛሬ ርግጫ ናቸው፣ ረቡዕ ማካፈል ነው።

አባባ ግን መጠበቃቸውን አልተዉም። ልብስ ቀይሬ ስወጣ «ዛሬስ ማንን ልትመቺ ነው?» ይሉኛል፤ ስመለስ ብርዱ አስገብቷቸው ከሰል ዳር አንቀላፍተው አገኛቸዋለሁ። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ጉርሻቸውን እየጠቀለሉ፣ እንደ ዋዛ «ሐሙስን ለእኔ ተዉልኝ» አሉ።

«አባባ፣ ዘመኑ እኮ የውድድር ነው» አለ አባቴ። «ገበጣ የትም አያደርሳትም።»

«የት ትድረስ አልኩ? እዚህ ትሁንልኝ ነው ያልኩት።»

አባቴ ሳቀ። ሐሙስ ደረሰ፣ ቴኳንዶ ሄድኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ ጎረቤላ እመለሳለሁ አሉ። እናቴ «ብቻዎን ምን ሊያደርጉ?» ብትላቸው፣ «እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮው እንኳ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል፤ እዚህ ሁሉም መንገደኛ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። ለገና እንወስድሻለን ተባልኩ፤ የኮምፒውተር ፈተና ሆነ። ለፋሲካ ተባለ፤ ማጠናከሪያው በበዓል ሰሞንም አይዘጋም ነበር። አረንጓዴ ቀበቶ በምቀበልበት ጠዋት አባባ ታመዋል ተብሎ ለአባቴ ተደወለለት፤ ጉንፋን ይሆናል ብሎ፣ ፈተናዬም እንዳይበላሽ ብሎ፣ እስክጨርስ ዝም አለ፣ አጨበጨበልኝም። ያቺን ጭብጨባ እስካሁን ይቅር አላልኳትም። ጎረቤላ ስንደርስ ድንኳን እየተተከለ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ምን ቀረኝ? ቴኳንዶውን ተውኩት፣ ኮምፒውተሩን ከስልክ ተማርኩት፣ እንግሊዝኛዬም ከጎረቤታችን ልጅ እንግሊዝኛ አይበልጥም። አባባ ግን በገበጣ ከመሀል ጉድጓድ ተነሥተው እጃቸው ሳያርፍ ጉድጓዶቹን ሁሉ የሚዞሩበት አንድ ብልሃት ነበራቸው፤ ያንን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሐሙስ ሐሙስ ሊያሳዩኝ አስበው የነበረ ይመስለኛል።

እናቴ እጅጌውን በመርፌ ማሳጠር ስትጀምር አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አልፈሽበታል። ለናቲ ስንት ተጨማሪ ትምህርት ይበቃዋል?»

«አንድ። ካልፈለገም ምንም።»

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ስልክ ላይ ያቀረቀረውን ናቲን አየት አድርጎ፣ «እሺ፣ ምንም ይሁን» አለኝ። «ከትምህርት ቤት ሲመጣ ከማን ጋር ይዋል? እኔ ሥራ ነኝ፣ እናትሽ ሱቅ ናት፣ አንቺም ማትሪክ አለብሽ።»

በበሩ በኩል አባባ ይቀመጡበት ወደነበረው ጥግ አየሁ። ቤታችን ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው አንድም የለም።