ጨዋታው የቆመባቸው እሁዶች

የገና ጨዋታ የበዓል ጨዋታ ነው። በዓመት አንዴ፣ በልደት ሰሞን፣ ወንዶች ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው ሜዳ ይወጣሉ፣ እሩር የሚሏትን ከጠፍር የተሠራች ኳስ ሲመቱ ይውላሉ፣ ከዚያ ዱላው እስከ ከርሞ ይሰቀላል። እኔ ግን በየሳምንቱ አደረግሁት።

የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ተማሪዎቼ በዓሉ ካለፈም በኋላ ዱላቸውን መጣል ስላልፈለጉ ቅዳሜ ጠዋት አጫውታቸው ጀመር። ሴቶቹም ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ልጆቻቸውን ሊያዩ የመጡ አባቶች ዳር ቆመው "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!" እያሉ ሲያስቸግሩን "እንግዲያው ራሳችሁ ግቡና አሳዩን" አልኳቸው። ይህን ባልል ኖሮ እሁዴ የራሴ ይሆን ነበር። የሰፈሩ ጎልማሶች ቡድን ቡድን ሆኑ፤ ሸማኔ፣ ባለሱቅ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የታክሲ ሹፌር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሜዳ ላይ እንገናኛለን። ስሙንም ሊግ አሉት።

የሊግ ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ሜዳው የወረዳው ስለሆነ ፈቃድ ለመለመን የምመላለሰው እኔ ነኝ። ፈቃዱ ተገኝቶ ስንደርስ የሰርግ ድንኳን ተተክሎ ካገኘን ከተካዮቹ ጋር የምጨቃጨቀው እኔ። "ዳኛው አዳልቷል" ተብሎ ሁለት አባቶች ሲተናነቁ መሃል የምገባው እኔ። ዳኛ ሲቀር ፊሽካውን የምነፋውም እኔው ነኝ። ልጄ ሁልጊዜ "እማዬ፣ ማን አዞሽ ነው?" ትለኛለች። ጫማዬን አወልቅና እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ እከታለሁ።

ያን እሁድም ዳኛው ቀርቶ ነበር። ልደት አልፎ ጥምቀት እየደረሰ ነው። የሚጫወቱት ጎልማሶቹ ናቸው። ከመካከላቸው ፈጣኑ ሸማኔው ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ሳምንቱን ሙሉ የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሸምን ስለሚከርም እሁድ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ እንደ ጥጃ ይፈነጥዛል። የታክሲ ሹፌሩ ደግሞ አንድ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ነው። ግዙፍ ነው፣ ልቡ ቀና ነው፣ ግን ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ ካልመታ የመታ አይመስለውም። "ዝቅ አድርግ!" እለዋለሁ። "እሺ ቲቸር" ይለኛል፣ ወዲያው ይረሳዋል።

እሩሯ ሁለቱ መሃል ወደቀች። ሸማኔው ቀድሞ ደረሰ፣ ሣሩ አዳለጠውና በእጁ ተደግፎ ወደቀ። የሹፌሩ ዱላ ግን መውረድ ጀምሮ ነበር። ፊሽካውን ነፋሁ፤ ምን ዋጋ አለው። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

ሸማኔው ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ተቀመጠና ጣቶቹን እንደ ሌላ ሰው ጣት ትክ ብሎ አያቸው። ሹፌሩ ዱላውን ወርውሮ አጠገቡ ተንበረከከ።

"አላየሁህም ወንድሜ፤ እመብርሃንን አላየሁህም!"

የቀሩት ከብበው መከራከር ያዙ። ግማሹ ወጌሻ ይላል፣ ግማሹ ሆስፒታል። "ሆስፒታል ነው የሚሄደው፣ በቃ!" ብዬ ጮህኩና በሹፌሩ ሚኒባስ ሄድን። ሹፌሩ ማርሽ ማስገባት አቅቶት ነበር። "ተረጋጋና ንዳ፤ እኔ ደህና ነኝ" ያለው ራሱ ሸማኔው ነው።

ራጁ ሲታይ ሁለት ጣቶቹ ተሰብረዋል። ሐኪሟ ጀሶውን እያደረገችለት "ሥራህ ምንድን ነው?" አለችው። "ሸማ እሠራለሁ" አላት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ ደጅ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ጀሶውን አየች፣ ከኋላ የቆመውን ሹፌር አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ወንድ ሁሉ ዱላ ይዞ ሲሯሯጥ ጨዋታ ነው ብለው የሰበሰቡት እርስዎ ነዎት። ለጥምቀት የታዘዘውን ማን ይጨርሰው? እኔ ፈታይ እንጂ ሸማኔ አይደለሁም።"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "አይቁሙ፤ ይግቡና ይቀመጡ" አለችኝ በዚያው ድምፅ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጠችኝ። ያልተጨረሰው ነጠላ እንደተወጠረ ነበር፤ ጥለቱ ገና ከጫፉ ተጀምሮ፣ መወርወሪያው ላዩ ላይ ተቀምጦ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስቤ ጨዋታው መቆሙን ነገርኳቸው። "እስከ መቼ?" አሉኝ። "አላውቅም፤ ሂዱ አጥኑ" አልኳቸው። እሁድ ደግሞ ምሳዬን በልቼ ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር እንቅልፉ ጣፈጠኝ። ሐዘኑ ነበረ፣ ጸጸቱም ነበረ፣ ግን ስልኬ አልጮኸም፣ ማንም "ሜዳው ተይዟል" አላለኝም። ሊጉ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሁድ ከልጄ ጋር ገበያ ወጥተን ጋቢ መረጥን፤ ተመልሰንም አብረን ሽንኩርት ከተፍን። ልብሴንም አጠብኩ፤ ከዚህ በፊት በእሁድ አጥቤ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

ሸማኔውን ልጠይቅ ስሄድ ወንድሙ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የታዘዘውን ይሸምናል። ጥግ ላይ ደግሞ ያ ግዙፍ ሹፌር ትንሽ በርጩማ ላይ ተጣጥፎ ክር ያጠነጥናል።

"አንተ፣ ሥራ የለህም እንዴ?"

"ተራ እስኪደርሰኝ ነው ቲቸር" አለኝ ቀና ሳይል።

ክሩ በወፍራም ጣቶቹ መሃል ይበጠሳል፣ ይቀጥለዋል፣ ደግሞ ይበጠሳል። የሸማኔው ሚስት አታናግረውም። ግን የተበላሸበትን ከእጁ ትቀበልና አስተካክላ ትመልስለታለች። ሸማኔው ጀሶውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሁለቱንም ያያል። በሄድኩ ቁጥር ሹፌሩን እዚያው ነው የማገኘው። አንድ ቀን ደግሞ የሸማኔው ሚስት "ይኼ ሰውዬ ምሳ በልቷል?" ብላ ባሏን ስትጠይቅ ሰማሁ፤ ሹፌሩ ፊቷ ተቀምጦ እያለ።

ጀሶው ወጣ። መሃል ጣቱ ዳነ፤ የቀለበት ጣቱ ግን እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። መሸመኑን ቀጠለ፤ ጥለት የሌለበትን ነጩን የሸማውን ክፍል በራሱ እጅ ይሸምናል፣ ጥለት ላይ ሲደርስ ግን ክሩን መልቀም ስለሚያስቸግረው ወንድሙን ይጠራል። ይኼን ሰምቼ ከእንግዲህ ስለ ጨዋታው ላላነሳ ወሰንኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ሸማኔው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ቲቸር፣ ጨዋታው ይጀመር።"

"አንተ ነህ እንዲህ የምትለኝ?"

"እኔ ነኝ። በሄድኩበት ሁሉ ሰው መጀመሪያ ጣቴን ነው የሚያየው። 'ጨዋታው በእሱ ምክንያት ቆመ' ይላሉ። ልጆቹም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ያፍራሉ። ከጣቴ ይልቅ ይኼ አደከመኝ።"

"እኔም ደክሞኛል" አልኩት። "ስለ አንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ከዚያ በፊትም ደክሞኝ ነበር።"

"አውቃለሁ፤ ሜዳ ላይ ያስታውቃል" አለኝ። "ግን ሌላ ሰው የለም።"

ዳገቱን አብረን ወረድን።

ጀመርን። ዱላ ከጉልበት በላይ ያነሳ ሰው ማንም ይሁን ማን ይወጣል የሚል ሕግ አወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ሸማኔው ዱላውን በግራው ይዞ ገባ፤ ግማሹን ተጫውቶ፣ እሩሯን አንድም ጊዜ ሳይነካ፣ ፈገግ እያለ ወጣ። ደግሞ አልሞከረም። አንዳንድ እሁድ መጥቶ ያያል፣ አንዳንዱን ይቀራል። ሹፌሩ ዱላ አልያዘም፤ "አይሆንልኝም" ይላል። ፊሽካውን ብሰጠው ግን ተቀበለኝ። ዳኝነቱ መጥፎ ነው፤ ለሁሉም ያዝናል። የሸማኔው ሚስት በመንገድ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ግን ቆማ አታወራኝም። አልፈርድባትም።

ባለፈው እሁድ ሜዳው ላይ ድንኳን ነበር። ሙሽራ ነው የሚጠበቀው አሉን። ጎልማሶቹ ዱላቸውን ታቅፈው እኔን ያያሉ። ከባሕር ዛፉ በላይ ያለው ጠባብ ሜዳ ባዶ መሆኑን ከአንዱ ሰማንና ጉልበቴን እያሸሁ ዳገቱን ከፊት ከፊታቸው መውጣት ጀመርኩ።