ፕሮግራሙ ሄዶ የቀረው መለያ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ጋሽ ቆጠራ» ይሉታል። ሥራው ኮምፒውተሮቹ ላይ የተጫነውን ፕሮግራም እየቆጠረ፣ ፈቃድ ከተገዛለት ጋር ማመሳከር ነው። በር ላይ ብቅ ሲል ሳቅ ይቆማል፤ ጥፋት የሌለበት ሰው እንኳ ወንበሩን ያስተካክላል። ቆጣሪን ማን ይወዳል?

ድሮ በየክፍሉ እየዞረ በዓይኑ ነበር የሚያየው። ኋላ ፈላጊ የሚሉት መሣሪያ መጣና ምድር ቤት ካለው ክፍሉ ሳይነሳ በኔትወርክ መቁጠር ጀመረ። ፕሮግራም ሲጫን መለያ የምትባል ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ ስሙ፣ ሠሪው፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ ተጽፎባታል። መሣሪያው የሚፈልገው እሷን ነው። ፕሮግራሙን ራሱን ዞር ብሎም አያየው፤ መለያዋን ካገኘ ቆጠረ፣ በቃ። ጋሽ ቆጠራም ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ነገሩ ተመችቶት አመነው።

ጣጣው የመጣው አራተኛ ፎቅ ካለችው ንድፍ አውጪ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ከጓደኛዋ የተቀበለችው፣ ፈቃድ የሌለው የንድፍ ፕሮግራም ተገኘና ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። አጠፋችው። በሚቀጥለው ወር መሣሪያው ያንኑ አገኘ፤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ።

«ጋሼ፣ እናቴ ትሙት አጥፍቼዋለሁ» አለችው በስልክ።

«መሣሪያው አለ ይላል፣ ልጄ። እኔ ምን ላድርግ?»

ሦስተኛው መባረር ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። በሦስተኛው ወርም መሣሪያው «አለ» ብሎ ድርቅ አለ፣ እሷም ዳግም ደውላ ማለች። ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሊፍቱ እንደወትሮው ተበላሽቶ፣ ጉልበቱን እየረገመ ደረጃውን ወጣ። ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፈተሸ። ፕሮግራሙ የለም፤ ከጠፋ ሰንብቷል። ሲጠፋ ግን መለያዋን ይዟት አልሄደም፤ መሣሪያው የሚያገኘው ያቺን ፋይል ነበር። «ወይ ጉድ» አለና፣ ቆሻሻ አይቶ ማለፍ ስለማያውቅ፣ መለያዋን እዚያው ሰረዛት። ከዚያ ወደ ኃላፊው ሄደ።

«እስቲ መለያው ብቻ መቅረቱን ያሳዩኝ» አለ ኃላፊው።

«ሰረዝኩት።»

ኃላፊው ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። «ጋሼ፣ አሁን እኮ ሰው የሚለው ዛሬ አብራችሁ አጠፋችሁት ነው። ወይ እሷ ዋሽታለች፣ ወይ የእርስዎ ሪፖርት ሁለቴ ተሳስቷል። የቱን ልጻፍ?»

ጡረታው ቅርብ ነው። ምኞቱ ስሙ ሳይነሳ መውጣት ብቻ ነበር። ከደረጃው ይልቅ ይህ አደከመው።

«የእኔን» አለ።

አራተኛ ፎቅ እንደገና ወጥቶ ካርቶኑን እንድትፈታ ነገራት። ደስ ይላታል ብሎ ነበር። እሷ ግን ካርቶኑን ሳትነካ ጠየቀችው።

«ሁለቴ ስምልልዎት፣ አንዴ ወጥተው ቢያዩ ምን ነበረበት?»

ስለ መሣሪያው፣ ስለ መለያው፣ ስለ ሊፍቱ ሊነግራት አሰበና ተወው።

«ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ» አለ። «ከአንቺ ይልቅ መሣሪያውን ማመን ቀለለኝ።»