አፍ የሌለው የጭቃ ወንድም

ልጄ ውባንቺ ወንድ ልጅ ተገላግላ ላርሳት ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ ስመጣ፣ የበኩር ልጇ ሰገነት እንደ ወትሮዋ ወደ ባጃጁ አልሮጠችልኝም። ባለፈው ክረምት እኔ በስተርጅና ፊደል ስቆጥር አጠገቤ ቁጭ ብላ ታርመኝ የነበረች የስድስት ዓመት ልጅ ናት። በር ተደግፋ ቆየችና፣

«አንቺም እሱን ልታዪ ነው የመጣሽ» አለችኝ።

«አንቺንም ልይ ብዬ ነው» ብላት አላመነችኝም። ያመጣሁት ቅቤና ማር ለማን እንደሆነ ዓይኗ ቀድሞ አይቷል።

ጠያቂ ሁሉ እሷን አልፎ ይገባል። ገብቶም የሕፃኑ ዓይን የአባቱ፣ አፍንጫው የእናቱ ነው ይላል። አንድ ቀን የአባቷን የመልሰውን መስታወት አውርዳ የራሷን አፍንጫ ስትመረምር አገኘኋት።

ክርስትናው ሲቃረብ አንቀልባው ከተሰቀለበት ጠፋ። ሰገነት ታዝላ ያደገችበት፣ ዛጎሉን እኔ ራሴ ጠርዙ ላይ የሰፋሁት የቆዳ አንቀልባ ነው። ማን እንደደበቀው ሁላችንም አውቀናል። አባቷ መልሰው ሊቆጣት ሲነሳ ለእኔ እንዲተዋት ለመንኩት።

በማግስቱ ሰገነትን ይዤ ወንዝ ወረድኩና ሸክላ አፈር ይዘን ተመለስን። ግቢው ውስጥ አቡክቼ፣ በልጅነቴ እሠራው የነበረውን የጭቃ ላም እሠራ ጀመር። እሷን ምንም ሥሪ አላልኳትም። ጥቂት አይታኝ አንዲት ሴት ሠራች፤ ጀርባዋ ላይም ትልቅ ልጅ ለጠፈች።

«እማ ናት። ያዘለችው እኔን ነው።»

ስታቆማት የጭቃዋ እናት ወደ ኋላ ወደቀች። እግሯን አወፈረችላት፤ አሁንም ወደቀች። ያን ጊዜ የታዘለችውን ልጅ በጥፍሯ እየፋቀች ታሳንሳት ገባች። እናቲቱ ቀጥ ብላ የቆመችው ልጅቱ አውራ ጣት ስታክል ነው። ሰገነት ሥራዋን ስታይ ቆየች።

«እኔን አትመስልም» አለች። ቀጥላም፣ «እኔ የት ልሁን ታዲያ?»

 እኔ ለላሜ ቀንድ ማውጣቴን ቀጠልኩ። እሷ ሌላ ጭቃ ቆርሳ፣ የእናቲቱን ቀሚስ ይዛ የቆመች ልጅ ሠራች፤ ከእናቲቱ እኩል ልትሆን ምንም አልቀራት። ጀርባ ላይ ያለው እሱ ይሁን ብላ ዓይንና አፍንጫ አወጣችለት።

«አፉስ?» አልኳት።

«የለውም። አፍ ካለው ያለቅሳል፤ ካለቀሰ እማ ወደ እሱ ትሄዳለች።»

«በምን ይጠባል?»

ከቤት ውስጥ ሕፃኑ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። ወደዚያ ዞራ አዳመጠች። ከዚያ ስንደዶ አንስታ የጭቃውን ሕፃን ፊት ወጋ አድርጋ ቀዳዳ አወጣችለት።

«ትንሽ ናት። ለመጥቢያ ብቻ።»

እጇን ሳትታጠብ ከጎተራው ጀርባ አንቀልባውን ጎትታ አወጣችና ቤት ገብታ እናቷ እግር ሥር ጣለችው። «አበድሬው ነው፤ ሲያድግ ይመልሳል» አለች። ውባንቺ በአንድ እጇ ሕፃኑን ይዛ በሌላው ሰገነትን ወደ ጉያዋ ሳበቻት፤ ልጅቷ ጭቃዋን ሁሉ እናቷ ነጠላ ላይ ጠረገች። አንቀልባውን ሳገላብጠው አንድ ዛጎል ጎድሎታል። 

የክርስትናው ዕለት እንግዳው ሁሉ ሕፃኑን እየተቀባበለ ሲያሞግስ፣ ሰገነት ሹልክ ብላ ወጣች። ተከትያት ወጥቼ መስኮቱ ሥር ያደረቅናቸውን ምስሎች ስመለከት፣ የጎደለው ዛጎል ቀሚስ የያዘችው ልጅ ደረት ላይ ተለጥፏል። የጭቃው ሕፃን አፍ ግን በእርጥብ ጭቃ ተደፍኗል።

እንግዳው ተበትኖ ሕፃኑ ሲርበው አለቀሰ። ሰገነት ብድግ ብላ ስንደዶዋን ፈለገች።