ወንድሜ ላይ የቆረጥኩበት ሙዚቃ

እኔ ካሴት ቀጂ ነበርኩ። ይህን ስል ልጆቼ ይስቁብኛል፤ "እሱም ሥራ ነው እንዴ?" ይሉኛል። ሥራ ነው እንጂ! በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ሙዚቃ ያማረው ሰው ወደ እኛ ሱቅ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ እኔ ሸክላውን አስቀምጬ መርፌውን አሳርፌ ካሴት ላይ እቀዳለታለሁ። ሙዚቃው አርባ ደቂቃ ከሆነ መቅዳቱም አርባ ደቂቃ ነው። ማፍጠኛ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሱቁ መጋላ ሰፈር ነበር፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ። ባለቤቱ አማርኛ ጀምረው ኦሮምኛ አስገብተው በሶማልኛ የሚጨርሱ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ የማይነካ ሕግ ነበራቸው፤ ባዶ ቦታ ያለው ካሴት ከሱቃቸው አይወጣም። "ስልሳ ደቂቃ ተብሎ የተሸጠ ስልሳ ደቂቃ መጫወት አለበት፣ ወላሂ!" ይሉኛል። ስለዚህ ዘፈኑ ቀድሞ ካለቀ የተረፈውን ቦታ ባገኘሁት እሞላዋለሁ። የአማርኛው መጨረሻ ላይ ኦሮምኛ፣ የህንዱ መጨረሻ ላይ የሐረር የሠርግ ዘፈን። ድሬ ውስጥ ይሄ ማንንም አይገርመውም። እንዲያውም ሙሌቱን ከዋናው አስበልጠው "ያቺን ደግሞ ለብቻዋ ቅጂልኝ" የሚሉኝ ደንበኞች ነበሩ።

በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድም ነበረኝ። ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ፣ በማይረባ ነገር ሁሉ ከእኔ ጋር የሚከራከር። በቀን ሦስቴ እንጣላለን፣ ለራት ግን አንዳችን ከሌላችን በፊት እጃችንን አንታጠብም።

አንድ ቀን ሸክላ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ሱቅ መጣ። ያዋሱት አንድ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ጅቡቲ በሄዱ ቁጥር ሸክላ ይዘው የሚመለሱ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰው ሸክላቸውን በጣቱ ሲነካ ደም ግፊታቸው የሚነሳ ሰው። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ ብቻ ብለውታል።

"አቦ፣ በጥንቃቄ!" አለኝ።

"አቦ ተወኝ፣ ሥራዬን አታስተምረኝ።"

"ደግሞ ሙሌት የሚባል እንዳልሰማ። እንዳለ ነው የምፈልገው። ማይልኝ!"

ማልኩለት።

የተጫዋቾቹን ስም አልጽፈውም፤ ያኔም በትክክል አንጠራውም ነበር። ፈረንጆች ናቸው፣ በቃ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ተቀመጥኩና መቅዳት ጀመርኩ። አንደኛው ገጽ በደህና አለቀ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ያለው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፣ ገጹን ሙሉ! አያልቅም። ድሬ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ትዘጋለች። ሙቀቱ አለ፣ ምሳው አለ፣ ከምሳ በኋላ ጫቱ አለ። ባለቤቱ በር ላይ ቆመው ቁልፋቸውን ያንቃጭላሉ። እኔ ከዚራ ድረስ ሄጄ ሸክላውን መመለስ አለብኝ። እንዲህ ስቁነጠነጥ ሙዚቃው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ዝም አለ። ጸጥ። "ተመስገን!" ብዬ መርፌውን አነሳሁ። ጎንበስ ብዬ ሸክላውን ባየው ኖሮ ሁለት ጣት የሚያህል ገና ያልተነካ እንደቀረው አይ ነበር። አላየሁም።

ከዚራ ወስጄ ሳስረክባቸው ሰውዬው ሸክላውን እዚያው አጫወቱት፣ ተጭሮ እንደሆነ ለማየት። መርፌውን ወደ መጨረሻው ገደማ አሳረፉት። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። አንድም ቀን ያልሰማሁት ሙዚቃ ወጣ። ለካ መርፌውን ያነሳሁት ሳያልቅ ነው! "ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ልመልሰው" ልል አፌን ስከፍት መርፌው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጭረት! "ሁለተኛ ከዚህ ቤት ሸክላ አይወጣም!" ብለው ማሉ። ጭረቱ የእኔ ይሁን የቆየ እግዜር ይወቀው። ጣጣዬን ይዤ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ካሴቱን ፈትሸው ባዶ ቦታውን አገኙት። "ሙይው!" የወንድሜ ነው ብዬ ብለምናቸው፣ ምዬ ነበር ብላቸው፣ አልሰሙኝም። እንግዲያውስ ቢያንስ የማይጮህ ነገር ልፈልግ ብዬ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ሱቃችን ተቀምጠው የተጫወቱትን ዑድ፣ ድሬ የምትወደውን የዓረብ ክራር፣ ሞላሁበት። ዘፈን የለውም፣ ዑድ ብቻ። ማታ እነግረዋለሁ፣ ይጮህብኛል፣ ያልፋል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ማታ ካሴቱን ከፈተው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረሰ። ያቺ ጸጥታ መጣች፤ ቀጥሎ ዑዱ ገባ። ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

"ሰማሽ? ዑድ! ፈረንጆቹ በዑድ ጨረሱት! ያን ሁሉ አገር ዞረው እኛ ጋ መጡ እኮ!"

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እስቲ አሁን ማን ይነግረዋል? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሲያሰማቸው፣ ዑዱ ጋ ሲደርስ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ "ዝም በሉ፣ መጣ!" ሲል አየሁት። ከዚያ በኋላ መናገር አቃተኝ።

ያን ካሴት ሁለት ዓመት ሰማነው። መጀመሪያ ላይ ጠልቼው ነበር። ዘፋኙ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ እናቴ እንኳ "ይሄ ሰውዬ መቼ ነው አፉን የሚከፍተው?" ትል ነበር። ወንድሜ ግን ቀስ በቀስ አስለመደኝ። ከበሮው ሲገባ ጠረጴዛውን እየመታ "ቁጠሪ! ሰባት ነው! ስድስት ላይ አትቁሚ!" ይለኛል። እስክስታ የለመደ ትከሻዬ ሰባተኛዋ ላይ ይሰናከላል፤ እሱ ይስቃል። አንድ ቀን ሳላስበው እጄ በሰባት ሲመታ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲያ ሙዚቃው ቤቴ ሆነ። ኦርጋኑ ከታች ሲነሳ፣ ጊታሩ ሳይጮህ ረጅም ዜማ ይዞ ሲሄድ፣ ደርዘን ቫዮሊን የሚመስለው መሣሪያ ከኋላ ሲሞላው ደስ ይለኛል። ከሁሉ የምወደው ግን የሁለተኛውን ገጽ መጀመሪያ ነው። ዋሽንት ብቻውን አጭር ዜማ ይጫወታል። ሦስቴ ከፍ ከፍ ይልና መጨረሻው ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ልብስ ሳጥብ ሳላውቀው አንጎራጉረዋለሁ። ወንድሜ ከውስጥ ሆኖ ያጅበኛል። ከሱ ጋር ሳንጣላ የምንቆየው ያኔ ብቻ ነበር።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። የወንድሜም ስም አለበት። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሁርሶ፣ ለሥልጠና። እናቴ አልጋ ላይ ወደቀች። እሱ "ሁርሶ እኮ እዚህች ናት፣ ምን ሆናችሁ?" እያለ ይቀልዳል። እኔን ደግሞ ለማንም የማልነግረው ነገር አንገበገበኝ። ይሄ ልጅ ግማሹን ሰምቶ ነው የሚሄደው። የቆረጥኩበት እኔ ነኝ።

ትኬት ተቆጣጣሪው ቤት ሄድኩ። በር ሲከፍቱ አወቁኝ። "አንቺ የሸክላ ጠላት!" አሉ። ሁሉንም አልነገርኳቸውም፣ አፍሬ። "ጋሼ፣ ወንድሜ ሊሄድ ነው። አይውጣ፣ እዚሁ ተቀምጦ ይስማው" ብቻ አልኳቸው። ሁርሶ የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኑ አሉኝ።

እሁድ ሄድን። ሰውዬው ሸክላውን በመሐረብ ጠርገው አስቀመጡት፣ እኛም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንደ ተማሪ ተቀመጥን። ሁለተኛው ገጽ ተጀመረ። ዋሽንቱ አለፈ፣ ከበሮው አለፈ። የወንድሜ ጣቶች ሰባቱን ይቆጥራሉ። እኔ መርፌው ወደ መሀል ሲጠጋ አያለሁ። ሙዚቃው እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ።

"አሁን ዑዱ ሊገባ ነው፣ ጋሼ" አለ ወንድሜ በኩራት።

"የምን ዑድ?" አሉ ሰውዬው።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አይቶ ሁሉንም አወቀው። ያን ሁለት ዓመት ያልሰማነውን መጨረሻ ሰማን።

ያ የዋሽንቱ ዜማ ተመለሰ! ያ ትንሹ፣ ልብስ ሳጥብ የማንጎራጉረው። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ጊታሩ ያዘው፣ ከዚያ ኦርጋኑ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ። ሙዚቃው በሙሉ እስከዚያ ድረስ ወደዚህ ሲመጣ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ በር ላይ ሲደርስ ነው የዘጋሁበት። ወንድሜ አፉን በእጁ ይዞ እስኪያልቅ ድረስ አልተነቃነቀም።

"ታዲያ ዑዱስ?" አሉ ሰውዬው መርፌውን እያነሱ።

"ከሌላ ካሴት ጋር ተምታቶብኝ ነው፣ ጋሼ" አላቸው። አላጋለጠኝም።

ሙሉውን እንድንቀዳው ሸክላውን ለአንድ ቀን እንዲያውሱን ለመነ። ሰውዬው ተቸገሩ። በማግስቱ በማለዳ ጅቡቲ ይሄዳሉ፣ ረቡዕ ነው የሚመለሱት፤ እሳቸው በሌሉበት ደግሞ ሸክላ አይወጣም፤ ምለዋል። "ረቡዕ ይመለሳሉ፣ እኔ ማክሰኞ እሄዳለሁ፣ አይ ዕድሌ!" ብሎ ሳቀ።

መንገድ ላይ ዛፍ ጥላ ስር ስንደርስ ቆመ።

"ሁለት ዓመት! ሰው ሰብስቤ ስለ ዑድ ሳስተምር ዝም አልሽኝ? አንቺ ሰው ነሽ?"

ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ አየኝ፣ አየኝና ሳቁ አመለጠው። ሳቀ፣ ሳቀ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "ዑድ የሚመቱት የመጋላው ሽማግሌ ናቸው አይደል? እኔ እኮ ፈረንጅ ዑድ እንዲህ አሳምሮ ሲመታ እያልኩ…" አለና ሆዱን ያዘ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ ግን፣ "አንዴ ብቻ ነው የሰማሁት። እንዳይጠፋብኝ" አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የጭነት መኪኖቹ ተደርድረው ነበር። የእናቶች ለቅሶ፣ የካድሬ ጩኸት፣ አቧራ። እናቴ ሸሚዙን ይዛ አልለቅም ብላለች። እሱ መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ ጎንበስ ብሎ ጠራኝ።

"ጠፍቶብኛል። መጨረሻውን በይልኝ።"

እዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንጎራጎርኩለት። ሦስቴ ከፍ፣ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ።

"አይደለም! የዘፈኑ መጀመሪያ ላይ ነው ዝቅ የሚለው። መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ነው የሚወጣው!"

"አቦ አትከራከረኝ፣ እኔ ነኝ የማውቀው! ዝቅ ነው!"

"ወደ ላይ ነው! እንደገና በይው!"

እንደገና አልኩት፣ ዝቅ አድርጌ። እልከኛ ነኝ። መኪናው ተነሳ። እሱ ባንድ እጁ የመኪናውን ጣውላ ይዞ በሌላው ወደ ሰማይ እያሳየኝ "ወደ ላይ! ወደ ላይ!" እያለ ሄደ። አጠገቤ የቆመች ሴት እግዜርን የሚጠራ መስሏት "አሜን፣ ልጄ" አለች።

ሐሙስ ሰውዬው ቤት ሮጥኩ። ያለውን ሁሉ፣ የቆረጥኩትንም የሞላሁትንም፣ ነገርኳቸው። ሳይቆጡኝ ሸክላውን አወጡና መጨረሻውን አጫወቱልኝ። ዜማው ተመለሰ፣ ሁሉም መሣሪያ ያዘው፣ ሦስቴ ከፍ ከፍ አለ፣ አራተኛው ላይ ወደ ላይ ወጣና እዚያው ቀረ።

"ልክ ነበርክ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!" ብዬ በሰው ቤት ጮህኩ።

እዚያው ወረቀት ለምኜ ጻፍኩለት። ስለ እናቴ ጤና እንኳ አላነሳሁም። "ልክ ነህ፣ ወደ ላይ ነው" ብቻ። ወደ ሁርሶ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት። ብዙ ሳይቆዩ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንደወሰዷቸው ሰማን። ወንድሜ አልተመለሰም። ያቺ ወረቀት ከመሄዱ በፊት ደርሳው እንደሆነ ስንቱን ጠየቅኩ፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።