እሬቱ ላይ ያረፈችው ወፍ

ነገሩ የሆነው ፌዴሬሽኑ በፈረሰ በሁለተኛው ዓመት፣ አስመራ ላይ ነው። የሳይንስ መምህራንን በአማርኛ እንድፈትን ከአዲስ አበባ ተልኬ ነበር። የወደቀ ከሥራው ይሰናበታል። አቶ ተስፋይ የተባሉ የዓባ ሻውል ሰፈር ሰው ፊቴ ተቀመጡ፤ ሃያ ዓመት አስተምረዋል።

«ዋርብለርና ሃሚንግበርድ የተባሉትን ወፎች ያነጻጽሩልኝ» አልኋቸው።

«ዋርብለር ነፍሳት የምትለቅም፣ በመስከረም ከአውሮፓ የምትመጣ ትንሽ ወፍ ናት፤ በእጄ ይዣት አውቃለሁ። ሃሚንግበርድ ግን በአገራችን የለችም፣ ጎይታይ።»

በመስኮቱ ወደ ግቢው አመለከትሁ። «ያቺ እሬት አበባ ላይ ያለችውስ?»

«ኣይኮነትን፣ አይደለችም። ያቺ አርፋ ነው የምትመጥጠው፤ ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቆማ ነው።»

አጠገቤ የተቀመጠው ረዳቴ ሳቀ። «አባባ፣ አለች ይበሉና ይለፉ እንጂ!»

«የሌለችን ወፍ አለች ብዬ ተማሪ ፊት አልቆምም» አሉ።

ጣልኋቸው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ የአእዋፍ መጽሐፍ ስገልጥ፣ ሃሚንግበርድ ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ ምድር ውጭ እንደማትገኝ አነበብሁ። ስለ ዋርብለር በተጻፈው ገጽ ደግሞ፣ ለሥዕሉ መነሻ የሆነችውን ወፍ አስመራ ላይ ይዞ የላከው ሰው ስም ከግርጌው ሰፍሮ ነበር፦ ተስፋይ፣ መምህር።