ለጳጉሜን ቦታ ያልነበረው መዝገብ

ኮሚቴው በሦስት ሰዓት ይመጣል ተብሎ፣ እኔ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ።

በሐይቅ ዳር ከተማችን፣ ፔዳ በሚባለው ሰፈር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የጥንት የብራና መጻሕፍት በፎቶ ተነሥተው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይነበቡባታል። ጠባቂዋ የኔታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ዘጌ ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው በስተርጅና ወደ ከተማ የመጡ። ክፍሏን የሰጠን ኮሚቴ አሁን ለዕቃ ማስቀመጫ ይፈልጋታል። በቂ አንባቢ እንዳላት በቁጥር ካላሳየን ቁልፉን እንድናስረክብ ተነግሮናል።

ቁጥሩን የሚይዘውን ትንሽ ዳታቤዝ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰው መጽሐፍ በከፈተ ቁጥር አንድ መስመር ይጽፋል፦ ማን፣ የቱን፣ መቼ። መስመሩ በዝቶ ኮምፒውተሩን አነቀው። ባለፈው ጊዜ ኮሚቴው ፊት ደምር ብዬ ባዝዘው ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ሰዎቹም እየተሳሳቁ ወጡ። ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አቀለልሁት። ለአንድ መጽሐፍ አንድ መስመር፣ በመስመሩ ላይ ለየወሩ አንድ ቁጥር፣ በቃ። ኮምፒውተሩ አሮጌዎቹን መስመሮች በየወሩ ደምሮ ወደ አዲሱ መዝገብ አስገባልኝ። ከዚያ ቦታ ይይዛሉ ብዬ አሮጌዎቹን ደመሰስኋቸው። ቅጂ እንኳ አልያዝሁም። ችኩል ነኝ፤ እናቴም ሁልጊዜ ትለኛለች።

ኮሚቴው ገባ። ድምሩ በቅጽበት ወጣ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ሰብሳቢው አየት አድርጎ «ይሄማ አይበቃም» አለ። አላመንሁም። ወር በወር ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጄ፣ ጳጉሜን ወዴት ሄደች?» አሉኝ።

ለጳጉሜን ቦታ አላበጀሁላትም ነበር። ደመወዝተኛ ነኝ፤ የእኔ ዓመት አሥራ ሁለት ደመወዝ ነው። ኮምፒውተሩም ማስገቢያ ያጣላቸውን መስመሮች ዝም ብሎ ጥሏቸዋል። ክፍሏ ደግሞ አፍ እስከ ገደፏ የምትሞላው ያኔ ነው፤ ለዓውደ ዓመቱ ማኅሌት የሚዘጋጁት ደብተራዎች ከዘጌ በጀልባ የሚሻገሩት በእነዚያ ቀናት ነው።

ጥፋቴን ተናገርሁ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም። «እንግዲያው የጎደለውን በግምት ሙይውና እንጨርስ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እጄ ወደ ኮምፒውተሩ ቁልፎች ሄዶ ነበር። የኔታን ቀና ብዬ አየኋቸው።

«በግምትማ አይጻፍም ልጄ» አሉ። «መምጣታቸውን አይቻለሁ። ስንት እንደሆኑ ግን አላወቅሁም። ተይው።»

የበሩን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው አስረከቡ። እኔ እዚያው ኮሚቴው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

በሚቀጥለው ጳጉሜን ዝናብ እያካፋ በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ወሬውን ያልሰሙ ደብተራዎች ከጀልባ ወርደው መጥተው የተቆለፈው በር ላይ ቆመዋል። የኔታም መሐላቸው ነበሩ፤ እንደሚመጡ ያውቃሉና ሊቀበሏቸው ወጥተዋል። መንገድ ልቀይር አስቤ እግሬ እንቢ አለኝ። እሳቸው ግን ሲያዩኝ አልተቆጡም።

«መጣሽ ልጄ?» አሉኝ። «ነይ፣ አሁን ቁጠሪያቸው።»