የአርባ አንድ ቁጥር አስተያየት

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለወታደር ካፖርት ስትሰፋ ኖራለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ወታደር «እጅሽ ይባረክ» ወይም «እጅሽ ይቆረጥ» ብሏት አያውቅም። ልብስ ሰፊዋን ጡረታ ከወጣች በኋላ ሆዷን የሚበላት ነገር ይኸው ነበር። ምርቃቱም ይቅር፣ እርግማኑ እንኳ ቢደርሳት ደስ ባላት!

በፋብሪካው ስልሳ ሰፊዎች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸውም ቁጥር ነበራቸው። የእሷ አርባ አንድ ነው። ሰው ሁሉ ስሟን ትቶ «አርባ አንድ» ብሎ ይጠራት ስለነበር እኛም እንደዚያው እንበላት። አንድ ካፖርት ባለቀ ቁጥር ግራ ኪሱ ውስጥ፣ ከታች ጥጉ ላይ፣ ቁጥሯ የታተመባትን ጥፍር የምታክል ጨርቅ ትሰፋለች። ይህ ለክብሯ ተብሎ እንዳይመስላችሁ። ልብሱ ተተርትሮ ቢመለስ ጥፋተኛዋ እንዳትጠፋ ነው።

የእሷ ግን አንድም አልተመለሰም። «ካልተመለሰማ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ዝም አይነቅዝም» ይላታል አለቃዋ። እሷ ደግሞ «ዝም ባይነቅዝ ሰው ይነቅዛል» ትለዋለች። ካፖርቱ ያልተመለሰው ስፌቱ ስለያዘ ይሁን፣ ወታደሩ ተማሮ ስለጣለው ይሁን፣ በምን ታውቃለች? ከሁሉ በላይ ደግሞ የብብቱ ነገር ያንገበግባት ነበር። የቆረጣ ክፍሉ ኃላፊ ብብቱን ያጠበዋል። «ሁለት ጣት ጨምርበት፣ ሰውየው እጁን ማንሳት አይችልም» ብላ ስንት ዓመት ጨቀጨቀችው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ወታደር ሁለት እጁን የሚያነሳው ሲማረክ ነው። የእኛ ወታደር ደግሞ አይማረክም!» ይልና በገዛ ቀልዱ ይስቃል።

ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ወር ቤት ውስጥ የሚሰፋ ነገር አለቀ። አብራት የምትኖረው አስተማሪ ልጇ አንድ ቀን መጋረጃውን እያየች፣ «እማ፣ ይሄን ጠርዝ አራት ጊዜ ቀምቅመሽዋል» አለቻት። «መስኮቱ ሊጋለጥ ምንም አልቀረው። እባክሽ ቤተ መጻሕፍት እንኳ ሂጂ።»

ቤተ መጻሕፍቱ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ያለች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነበረች። ሠራተኛው ከአፉ ከ«እሽሽ» ሌላ ቃል ስለማይወጣ ሰው ሁሉ ዝምታ ብሎ ይጠራዋል። ይሁንና ዝምታ አንድ ደግ ሥርዓት ነበረው። ብዙ ሰው በሚዋሳቸው መጻሕፍት አጠገብ ደብተር በገመድ ያስርና አንባቢው የመሰለውን ይጽፍበታል። ስም ግዴታ አይደለም። ጻፍ፣ ከሥሩ የፈለግከውን ፈርም፣ ሂድ።

አርባ አንድ ደብተር ከታሰረላቸው መጻሕፍት አንዱን ያነሳችው ስለ ጠፈር ለማወቅ ጓጉታ አይደለም። ሽፋኑ ላይ አንድ የጠፈር ወታደር መሣሪያውን ከራሱ በላይ አንስቷል፤ የልብሱ ብብት ደግሞ ተጨማድዶ ሊፈነዳ ደርሷል።

«ይሄም ጠቦታል!» አለች ጮክ ብላ።

«እሽሽ» አለ ዝምታ።

መጽሐፉ «የጥቁር ሰማይ ምርጦች» ይባላል። ከመላው ሠራዊት ተመርጠው በረዶ ወደሆነች ጨረቃ የተላኩ አርባ ወታደሮች ታሪክ ነው። አርባ አንድ ተኩሱን እየዘለለች አነበበችው፤ አንዳንዴ አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ይተኩሳሉ፣ የሚነጋገሩት ነገር ያለቀባቸው ይመስል። አዛዣቸውን ሴትዮ ወደደቻት። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ግን ጉድ መጣ። የዋናውን ጀግና ልብስ ትከሻው ላይ ድንጋይ ቀደደው። ውጪው አየር የለም። ልጁ መርፌ አወጣና በችኮላ ወስውሶት ስድስት ሰዓት በእግሩ ተጓዘ።

መጽሐፉን ጭኗ ላይ ደፋችው። «ስድስት ሰዓት? በውስወሳ?» ውስወሳ እኮ ዋናው ስፌት እስኪመጣ ጨርቁን ለመያዝ ብቻ የሚደረግ፣ በኋላም ተመዞ የሚጣል ነገር ነው። ሕፃን ልጅ ቢስበው ይወጣል።

በማግስቱ ደብተሩን ገለጠች። ከእሷ በፊት የጻፉት ብዙ ነበሩ።

«ልብ አንጠልጣይ ነው። ምግብ አሳርሬበታለሁ። — ተማሪ»

«ጦርነቱ ጥሩ ነው፤ ፍቅሩ ግን እንደ ሆስፒታል ሾርባ ጨው የለውም። — ነርስ»

«አርባውም ምርጥ ተዋጊ ከሆኑ መርከቡን የሚጠርገው ማነው? — የጽዳት ሠራተኛ»

«ከዚህ የበለጠ መጽሐፍ አልተጻፈም፤ አይጻፍምም። ጀግና ማለት እንዲህ ነው። — ኮማንዶ»

ይህ ኮማንዶ የተባለው የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። ከመሪ በቀር የጨበጠው መሣሪያ የለም።

አርባ አንድ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ገጽ 112 ላይ ልጁ መሞት ነበረበት። ውስወሳ አየር አይይዝም። ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ድርብ ስፌት ቢሆን አምን ነበር። ሌላው መልካም ነው» ብላ ጻፈች። ፊርማው ላይ ስትደርስ እጇ አላማከራትም፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሥራዋ መጨረሻ ላይ ያኖረውን አኖረ። 41።

በሳምንቱ ስትመጣ የኮማንዶ መልስ ጠበቃት። «41 የተባልክ ሰው (ወይም የተባልሽ)፣ ይህ የመጽሐፍ አስተያየት ነው ወይስ የስፌት ትምህርት? ጀግና በፈለገው ስፌት ይሰፋል!» እሷም አልተኛችለትም። «ጀግንነት ክር አይሆንም» ብላ ጻፈች። ነርሷ በ41 በኩል ቆመች፣ ተማሪው በኮማንዶ በኩል። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ጨረቃዋም ጠላትም ተረሱና ደብተሩ በሙሉ ስለ አንድ ትከሻ ሆነ። በመጨረሻ ዝምታ ራሱ ተናገረ፦ «ደብተሩ አለቀብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ኑና በአፋችሁ ጨርሱት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማፈግፈግ የለም። አርባ አንድ ከአሮጌ የዝናብ ልብስ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ሠራች፣ አንዱን በውስወሳ፣ አንዱን በራሷ ድርብ ስፌት። ከጎማ ጠጋኙ የብስክሌት መንፊያ ተዋሰች። ቅዳሜ ዕለት ውሃ የሞላ ሳፋ በንባብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቆመች። ደርዘን የሚሆን ሰው ከቧታል። የውስወሳው ከረጢት ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሳፋው ተንፈቀፈቀ፤ ኮማንዶም አንገቱን ደፋ።

ቀጥሎ የእሷን አስገባች። ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ አንዲት አረፋ ወጣች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ በስፌቱ መስመር ሁሉ ጥቃቅን አረፋ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይወጣ ጀመር።

«እትዬ!» አለ ኮማንዶ እጁን እያጨበጨበ፣ «የእርስዎም ልጅ ሞተ እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ? መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ይህን ገና የመጀመሪያ ቀን፣ ወንበሯ ሳይሞቅ፣ የተማረችው ነገር ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በስፌቷ ተማምና ረሳችው። ሳፋዋን ደፍታ፣ መንፊያዋን ይዛ ወጣች።

ሳቁ ደጅ ቀረ፤ ነገሩ ግን ተከትሏት ቤት ገባ። አየር ካሳለፈ ነፋስስ? ዝናብስ? እነዚያ ሁሉ ካፖርቶች፣ እነዚያ ሁሉ ተራሮች።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ብርድ ስሰፋ ኖሬያለሁ» አለቻት ልጇን።

«እማዬ፣ ካፖርት እኮ ጠፈር አይሄድም።»

«ተራራ ይሄዳል። ይሄኔ ስንቱ ረግሞኛል።» እርግማኑ እንኳ ቢደርሰኝ ስትል የኖረችው ሴት አሁን የደረሰባት መስሏት ፈራች። ሁለት ሳምንት ወደዚያ መንገድ ዝር አላለችም። ማሽኗንም ጨርቅ አለበሰችው።

የውሰቱ ቀን ሲያልቅ ግን መጽሐፍ መመለስ ግድ ነው። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት መጽሐፉንና የአባልነት ካርዷን ይዛ ሄደች። ካርዱንም ለመመለስ ቆርጣለች። ዝምታ ካርዱን አልተቀበላትም። ከጠረጴዛው ሥር አዲስ ደብተር አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው። «መጀመሪያ ያንብቡ» አለ።

ከላይ የኮማንዶ ነበር። «ለእትዬ 41፦ የሳቅነው በጨዋታ ነው፤ ቅር እንዳይልዎት። ከዚያ ቀን ወዲህ አውቶቡሴ ውስጥ የወንበሩን ስፌት እያየሁ ‹ይሄን ማን ሰፋው?› እላለሁ። ይመለሱ።»

ከሥሩ በደቃቅና ቀጥ ባለ ጽሕፈት ሌላ ነበር። ፊርማው «ዘበኛው» ይላል። የፖስታ ቤቱ ዘበኛ ነው። በየምሳ ሰዓቱ መጥቶ መስኮቱ ጥግ የሚያነብ፣ ቅዳሜም ከሰው ኋላ ቆሞ ያየ፣ እስከዚያች ቀን ግን አንዲት ቃል ጽፎ የማያውቅ ሰው።

«ስለ ገጽ 112 የምለው የለኝም፤ ጠፈር ሄጄ አላውቅም። ስለ 41 ግን አስተያየት አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ተራራ ላይ ጥበቃ ቆሜያለሁ። ካፖርቴ ግራ ኪስ ውስጥ ጥፍር የምታክል ጨርቅ ነበረች። 41 ትላለች። ብርዱ ሲጸናብኝ በአውራ ጣቴ እሷን እያሻሸሁ ነበር ተራዬን የምጨርሰው። እዚያ ሆኜ የማውቃት የሩቅ ዘመድ ትመስለኝ ነበር። አንድ ክረምት ጎርፍ ወሰደኝ። ጓደኛዬ መያዝ የቻለው የካፖርቴን ትከሻ ብቻ ነው፤ በዚያው ጎትቶ አወጣኝ። ቁልፎቹ ተበጠሱ። ገበሩ ተቀደደ። ስፌቱ አልተተረተረም። ነፋስ ያስገባ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ያስገባ ነበር፤ የማያስገባ ካፖርት የቱ ነው? እኔ ግን አለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ካፖርቱም አለ። አስተያየቴ ይኸው ነው።»

አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች። በሁለተኛው ላይ ፊደሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ተንቀጠቀጠባት። ደስታ እንዲህ ደረት የሚያሳምም መሆኑን በዚህ ዕድሜዋ ገና ማወቋ ነበር።

«የታለ?» አለች።

ዝምታ በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። ዘበኛው ሲጠባበቅ ኖሮ ብድግ አለ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ፣ በወታደር ደንብ። አርባ አንድ ፊቱ ሄዳ ቆመች። የምትለው ብዙ ነበር፤ አፏ ላይ የመጣው ግን ስንት ዘመን ተራውን ሲጠብቅ የኖረው ጥያቄ ነው።

«ብብቱ አይጠብም ነበር?»

ዘበኛው ዝምታን አየ፣ ጫማውን አየ። «እውነቱን ልናገር?»

«እውነቱን እንጂ!»

«በጣም ይጠብ ነበር፣ እትዬ። እጄን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት አልችልም ነበር።»

«ብዬው ነበር!» ብላ ጮኸች። «ሁለት ጣት ጨምርበት ብዬው ነበር!» እየሳቀች እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ የሳቋን ያህል አለቀሰች። ዝምታ ለ«እሽሽ» አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

ካርዷን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ከዚያው ቦርሳ ሜትሯን አወጣች፤ ያለ ሜትር ከቤት ወጥታ አታውቅም። «ነገ ካፖርቱን አምጣልኝ» አለችው።

«አርጅቷል እኮ፣ እትዬ። አሁን በብርድ ቀን ልጆቼን ነው የማለብስበት።»

«አንተም ልጆችህም ትለብሱታላችሁ። ብብቱን አሰፋዋለሁ። እስቲ እጅህን አንሳ። ሁለቱንም።»

ዘበኛውም በቤተ መጻሕፍቱ መሃል ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። እሷ ለካች፤ ሁለት ጣት ጨመረች።